ክረምት ላይ ችሎት ሲዘጋ የሕግ ተማሪ የት ይሂድ?

ሰኔ ሲጋመስ በሕግ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ክረምቱን የት ልለማመድ?» የሚል ነው። መልሶቹ ግን እርስ በርስ አይገጥሙም። አንዱ «ፍርድ ቤት ሂድ» ይላል። ሌላው «ፍርድ ቤት በክረምት ዝግ ነው፣ አትልፋ» ይለዋል። ሦስተኛው «ጠበቃ ቢሮ ግባ፣ ለፈቃድ ይቆጠርልሃል» ብሎ ይጨምራል። ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ሕግ እየተማርክ የአጎትህን የቦታ ክስ ለምን አንተ አትከራከርለትም?»

እነዚህ ሁሉ ከእውነት ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። ሙሉ እውነት የያዘ ግን የለም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ዘመንና የተማሪው የእረፍት ጊዜ ይጋጫሉ። ተማሪ በሕግ ሥራ ውስጥ ምን እንደሚፈቀድለት ደግሞ በግልጽ የሚነግረው ሰው ብዙም የለም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ያያል። ሲጠቃለል በክረምት ለተማሪ የሚገኘው ሥራ ከክርክሩ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ነው። የጠበቃም ሆነ የዐቃቤ ሕግ ቀን በአብዛኛው የሚያልቀው እዚያው ላይ ስለሆነ፣ ሙያውን ለመፈተሽ የሚሻለውም እሱ ነው።

ኤክስተርንሺፕ፣ ኢንተርንሺፕ፣ ክሊኒክ

እነዚህ ሦስት ቃላት በየቀኑ ይምታታሉ። ኤክስተርንሺፕ የትምህርቱ አካል የሆነ የተግባር ልምምድ ነው። በ1998 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ሲሻሻል የመጀመሪያ ዲግሪው አምስት ዓመት ሆነ፤ ኤክስተርንሺፕም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ አገኘ። ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዞ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወይም ሌላ የፍትሕ ተቋም ይመደባል። ሪፖርት ይጽፋል፤ ውጤት ይሰጠዋል። ካልሠራው አይመረቅም።

ኢንተርንሺፕ ግን ተማሪው በራሱ ፈልጎ የሚገባበት ልምምድ ነው። ውጤት የለውም፤ ግዴታም አይደለም። በክረምት የሚፈለገው በአብዛኛው ይኸኛው ነው። የሕግ ክሊኒክ ደግሞ ተማሪው በመምህር ክትትል ሥር እውነተኛ ባለጉዳይ የሚያገኝበት ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ጋር ይያያዛል።

ልዩነቱን ማወቅ ጥቅም አለው። ተቋሙ «ኤክስተርን አንቀበልም» ሲል የተመደበ ተማሪ አንቀበልም ማለቱ ሊሆን ይችላል። በጎ ፈቃደኛ ግን ይቀበል ይሆናል። ጥያቄው በትክክለኛ ስሙ ካልቀረበ መልሱም ይሳሳታል።

ሁለት የማይገጥሙ ካላንደሮች

ፍርድ ቤቶች በክረምት ይዘጋሉ የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ከነሐሴ መጀመሪያ አንስቶ እስከ መስከረም ድረስ መደበኛ ችሎቶች እረፍት ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ የውርስ፣ የውል ወይም የንብረት ክርክር ለመስማት ችሎት የሄደ ተማሪ የተዘጋ በር ያገኛል።

ፍርድ ቤቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ተረኛ ችሎት የሚባል አለ። እረፍቱ እስኪያልቅ ሊጠብቁ የማይችሉ ጉዳዮችን ያያል። ሰው ሲታሰር ሕገ መንግሥቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ክረምት ነው ተብሎ ይህ ሰዓት አይቆምም። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ፣ ዋስትና ሲጠየቅ፣ ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲፈታ የአካል ነጻ ማውጣት አቤቱታ ሲቀርብ ተረኛው ችሎት ይሰማል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ ቀጠሮ አይፈቅድም። ስለዚህ አንድ ተማሪ ነሐሴን ሙሉ ቢመላለስ ያው ታሳሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቀርብ ሊያይ ይችላል። ፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ያቀረበውን ምክንያት በሁለተኛው ቀጠሮ እንዴት እንደሚደግመው ወይም እንደሚቀይረው ያያል። ዳኛው ምን እንደሚጠይቅ፣ ጠበቃ የሌለው ሰው ምን እንደሚል ይሰማል። የወንጀል ሥነ ሥርዓትን በክፍል ውስጥ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ካየ በኋላ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ሐምሌ ደግሞ ራሱን የቻለ ዕድል ነው። ችሎቶች እረፍት ከመውጣታቸው በፊት መዝገብ ለመዝጋት ይጣደፋሉ። ውሳኔ የሚነበብባቸው ቀናት ይበዛሉ። በዚያ ወር ሦስት ሳምንት ያገኘ ተማሪ ከነሐሴ ጀምሮ ሁለት ወር ከሚጠብቀው የበለጠ መደበኛ ችሎት ያያል።

ሕግ የሚወጣበት ጊዜም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ያበቃል። በጀት የሚጸድቀውም የዓመቱ ሥራ ሲዘጋ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የጸደቁ አዋጆች በክረምቱ በነጋሪት ጋዜጣ እየታተሙ ይወጣሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ለሚለማመድ ተማሪ ይህ ጥሩ ሥራ ነው። አዲሱን አዋጅ ከአሮጌው ጋር አንቀጽ በአንቀጽ አስተያይቶ ምን እንደተቀየረ በሁለት ገጽ መጻፍ ይችላል። አለቃው ራሱ ያን ሁለት ገጽ ይፈልገዋል።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነትና በጸጥታ ችግር የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ካላንደር ተዛብቷል። ክረምቱን በክፍል ውስጥ የሚያሳልፉ፣ እረፍታቸው ጥር ወይም መጋቢት ላይ የሚወድቅ ተማሪዎች ታይተዋል። ለእነሱ መዛባቱ ሌላ ዕድል ይዞ ይመጣል፤ በእነዚያ ወራት ችሎቶች ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ እያልን የምናወራው ካላንደራቸው ላልተናጋባቸው ነው።

ተማሪ ምን ይችላል? ምን አይችልም?

መጀመሪያ ከሚችለው እንነሳ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ክስ የሚሰማው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት ነው። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ በዝግ ሊታይ ይችላል። ይህ ማለት አንድ ተማሪ ልደታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ፣ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ችሎት ለመቀመጥ የማንም ሰው ውለታ አያስፈልገውም። ደብዳቤም አያስፈልገውም። ብዙ ተማሪ ይህን ስለማያውቅ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ሲጠይቅ ይኖራል።

የማይችለው ደግሞ በጥብቅና መቆም ነው። ጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሚገዛው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ክልሎች ለራሳቸው ፍርድ ቤቶች የራሳቸውን ፈቃድ ይሰጣሉ። ዲግሪ የሌለው ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ አይችልም። ያለ ፈቃድ በክፍያ የሰው ጉዳይ ይዞ መከራከር ያስቀጣል። ለዚህ ነው «ክረምት ላይ ጠበቃ ቢሮ ከሠራህ ይቆጠርልሃል» የሚለው ምክር ተማሪውን የሚያሳስተው። የክረምቱ ልምምድ ሲቪ ላይ ይጻፋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠቅማል። የጥብቅና ፈቃድ ግን በእሱ አይጠየቅም።

የአጎት ክስስ? እዚህ ላይ ሕጉ ትንሽ ቀዳዳ አለው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 58 እንደ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባትና እናት ያሉ የቅርብ ዘመዶች ጠበቃ ሳይሆኑ ወኪል ሆነው እንዲቀርቡ ይፈቅዳል። ልጅ ለአባቱ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ለአጎቱ የሚቆም የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ ጎረቤትና የሰፈር ሰው ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለተፈቀደለት ዘመድም ቢሆን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በቤተሰቡ ብቸኛ ቤት ላይ የመጀመሪያ ክርክሩን እንዲለማመድ አልመክርም። በክሱ ላይ ሳይነሳ የቀረ መከራከሪያ በይግባኝ እንደ አዲስ አይነሳም። ቤተሰብን መርዳት ከተፈለገ ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል ማደራጀትና ጥሩ ጠበቃ ማፈላለግ ይበቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግዴታ አለ፤ ምስጢር መጠበቅ። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር እንዲጠብቅ የሥነ ምግባር ደንቡ ያስገድደዋል። ቢሮው ውስጥ የገባ ተማሪም ያንኑ ምስጢር ይሰማል። የፍቺ መዝገብ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ፣ «ዛሬ ያየነው ጉድ» ብሎ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ባለጉዳይን ይጎዳል። ተማሪ አንቀበልም የሚሉ ጠበቆች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሥጋት ይኸው ነው። ሥጋታቸው ትክክል ነው። መፍትሔው ግን በር መዝጋት አይደለም። ገና በመጀመሪያው ቀን የምስጢር ጥበቃ ግዴታን የሚገልጽ ጽሑፍ ተማሪውን ማስፈረም ይቻላል።

የትኛው ቦታ ምን ያስተምራል?

ምርጫ ካለ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ይቀድማል ባይ ነኝ። ሐረማያ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያሉ ማዕከላት አቋቁመዋል። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በበጎ ፈቃደኞችም ይታገዛል።

እዚያ የሚመጣው ባለጉዳይ በፈተና ላይ እንደሚጻፈው ጥያቄ ተስተካክሎ አይመጣም። የልጅ ቀለብ የምትጠይቅ እናት ታሪኩን የምትጀምረው ከሠርጉ ቀን ሊሆን ይችላል። ከሥራ የተባረረ ሰው ስለ አለቃው ባሕርይ ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ መቼ እንደተባረረ ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ያ ቀን ደግሞ ዋናው ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው። በአራተኛው ወር የመጣ ሰው ይህን መብቱን በይርጋ አጥቶት ሊሆን ይችላል። ይርጋ ማለት ሕጉ ለክስ የሰጠው ጊዜ ማለፉ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝን በሚመለከት ግን የስድስት ወር ጊዜ ስላለ ገና ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ለይቶ ማወቅ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ፣ ሰው ሳይከፋው ወሬውን ማሳጠር፣ የሰማኸውን በአንድ ገጽ ለጠበቃው ማቅረብ የሙያው እምብርት ነው። ይህን ሥራ ሳምንት ሠርቶ የሰለቸው ተማሪ ስለ ራሱ አንድ ትልቅ ነገር አውቋል። የወደደውም እንደዚሁ።

የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሁለተኛው ቦታ ነው። ብዙ ተማሪ ይንቀዋል። ፋይል መሸከምና ፎቶ ኮፒ ማንሳት ይመስለዋል። ግን ክስ በትክክል የሚከፈተው፣ የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው፣ መጥሪያ የሚወጣው፣ ይግባኝ በጊዜው መግባቱ የሚረጋገጠው እዚያ ነው። ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) አንድን ክስ «አልቀበልም» ብሎ ሲመልስ ምክንያቱን መስማት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያስተምራል። በተለይ የአፈጻጸም መዝገቦችን ማየት ጥሩ ነው። አፈጻጸም ማለት የተፈረደው ነገር በእጅ እንዲገባ የሚደረግበት ሂደት ነው። ክፍል ውስጥ ክርክሩ ፍርድ ሲሰጥ ያልቃል። በእውነተኛው ሕይወት ግን የተፈረደለት ሰው ገንዘቡን ለማግኘት ገና ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል።

የግል ጠበቃ ቢሮ እንደ ጠበቃው ይለያያል። አንዱ ዘንድ ተማሪው ክስ ሲረቅ ያያል፣ የሰበር ውሳኔ ይፈልጋል፤ ሰበር ማለት መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት ነው። ሌላው ዘንድ ቡና ያዛል፣ ወረፋ ይይዛል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ውሳኔዎቹ ከ20 በላይ ቅጾች ሆነው ታትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለጉዳዩ የሚስማማውን አግኝቶ፣ ፍሬ ነገሩ የሚመሳሰልና የሚለይበትን ጽፎ ማቅረብ የሚችል ተማሪ ለየትኛውም ቢሮ ሸክም አይሆንም። ይህን ችሎታ ደግሞ ገጠር ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊለማመደው ይችላል፤ ቅጾቹ በየስልኩ ይዘዋወራሉ።

ነገረ ፈጅ የሚባለው የተቋም የሕግ ባለሙያ ሥራ ብዙም አይወራለትም። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ መንግሥታዊ ድርጅት ሁሉ የሕግ ክፍል አለው። ችሎት ሲዘጋ የእነሱ ሥራ አይዘጋም። የብድር ውል ይረቀቃል። የመያዣ ውሉ ውልና ማስረጃ በሚባለው የሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ይረጋገጣል። ባንኮች በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት መያዣን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን ስላላቸው ማስጠንቀቂያና ጨረታ ይኖራል። ብዙ ተመራቂ በመጨረሻ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው። ቀድሞ ማየቱ ይጠቅመዋል።

ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለወንጀል ሕግ ዝንባሌ ላለው ተማሪ ጥሩ ነው። የምርመራ መዝገብ ግን ምስጢራዊ ስለሆነ በግል ለመጣ ተማሪ በሩ ይጠብባል። በኤክስተርንሺፕ ጊዜ ቢመረጥ ይሻላል።

ማን ይገባል? ማን ይከፍላል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የክረምት ልምምድ ማስታወቂያ እምብዛም አይወጣለትም። ቦታ የሚገኘው በአብዛኛው በሰው ነው። አባቱ ጠበቃ የሚያውቅ ተማሪ በአንድ ስልክ ይገባል። ከወሎ ወይም ከጋሞ ገጠር መጥቶ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ተማሪ ቢሮ ቢያገኝ እንኳ የቤት ኪራይ፣ ታክሲና ምሳ ማን ይችልለታል? ክረምቱ ደግሞ ለገበሬ ቤተሰብ የእርሻ ወቅት ነው። ልጁ ቤት ይፈለጋል።

ክፍያን በተመለከተ ሕጉ ብዙ አይረዳም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን፣ ከሙያ መልመድ ውል በስተቀር፣ ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ ደመወዝ ይገባኛል ብሎ የሚይዘው ግልጽ አንቀጽ የለውም።

እዚህ ላይ አስተያየቶች ይለያያሉ። አንዳንድ ጠበቆች ተማሪ ማስተማር ራሱ ወጪ ነው ይላሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ የተማሪው ሥራ ተመልሶ ይታረማል፤ ስለዚህ ክፍያ መጠየቅ ቢሮዎቹን በር እንዲዘጉ ያደርጋል። ይህ ለአነስተኛ ቢሮ እውነት ነው። ሌላው ወገን ያለ ክፍያ የሚሠራ ልምምድ ሙያውን ለባለ ገንዘብ ልጆች ብቻ ይተወዋል ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ደመወዝ ባይሆን እንኳ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ መሸፈን ለአብዛኛው ቢሮ የሚከብድ አይመስለኝም። እሱ ራሱ ብዙ ሰው ያስገባል።

አንዳንድ መምህራን ደግሞ ከናካቴው ይቃወማሉ። ተማሪው ክረምቱን ያንብብ፤ የመውጫ ፈተና አለበት ይላሉ። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መውሰድ የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ትምህርት ከመታዘዙ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ጭንቀቱ ቀላል አይደለም። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ ምክሩ ልክ ነው። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን አይመስለኝም። ሥነ ሥርዓት ሕግን በዓይኑ ያየ ሰው ለመሸምደድ የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል።

ቤተሰቡ ዘንድ ለሚገባ ተማሪም በር አለ። የወረዳ ፍርድ ቤት አገር ቤት አለ። ሽማግሌዎች የድንበርና የደም ጉዳይ ሲሸመግሉ ቁጭ ብሎ መስማት ይችላል። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ውስጥ የንቃተ ሕግ ትምህርት መስጠት ይችላል፤ ንቃተ ሕግ ማለት ሕዝቡ መብቱንና ግዴታውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ስለ ውርስ ወይም ስለ መሬት ኪራይ ውል ለገበሬ በቀላል አማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ሕጉን እሱ ራሱ መረዳቱን ያረጋግጣል። ይህ አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ቢሮ ወረቀት ያነሰ ዋጋ የለውም። ቀጣሪዎች ግን እንደዚያ አያዩትም፤ ይህ ያሳዝናል።

አሜሪካ ላሉ ልጆቻችን

በአሜሪካ ነገሩ ከሥሩ የተለየ ነው። ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ጠበቃ የሚያደርግ ትምህርት አይደለም። ሰው ኮሌጁን ጨርሶ፣ በአብዛኛው ኤልሳት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ወስዶ ሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ቤት ይገባል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የተለየ የኮሌጅ የትምህርት ዓይነት አይመክርም፤ ታሪክም ኬሚስትሪም ያጠና ይገባል። ስለዚህ የኮሌጅ ክረምት እዚያ የሚጠቅመው ብዙ ብድር የሚያስገባውን ሦስት ዓመት ከመጀመር በፊት ልብን ለመፈተሽ ነው።

ዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ የእኛ ልጆች ሁለት ነገር ልብ ይሏል። የከተማዋ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ የኮሌጅ ተማሪዎችን በመርማሪ ረዳትነት ይቀበላል። ወንጀል ተፈጸመበት የተባለው ቦታ ሄደው ያያሉ፤ ምስክር ፈልገው ቃል ይቀበላሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ደግሞ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ጨምሮ በሌሎች ቋንቋዎች እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ተማሪ ለነጻ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች በጣም ያስፈልጋል።

ጥንቃቄውም እዚሁ ነው። «ልጄ እንግሊዝኛ ታውቃለች፣ የጥገኝነት ፎርሙን ትሙላልህ» የሚለው ልማድ አደገኛ ነው። መተርጎም ይቻላል። የትኛውን ፎርም፣ በምን ምክንያት እንደሚሞላ መምከር ግን የጠበቃ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እውቅና የሰጠው ወኪል ሥራ ነው። አንድ የተሳሳተ ቃል የሰውን ጉዳይ ለዓመታት ሊያበላሽ ይችላል።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

በኢትዮጵያ የ2013ቱ አዋጅ ሁለት ነገር ቀይሯል። ጠበቆች ተጣምረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ ቀድሞ ፈቃዱ የግለሰብ ብቻ ነበር። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቁሟል። ድርጅቶች ሲያድጉ ወጣት ባለሙያ ከምረቃ በፊት ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የክረምት ልምምድ ቀስ በቀስ ወደ ቅጥር የሚያስገባ በር ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። በሌሎች አገሮች የሆነውም ይኸው ነው።

ችግሩ እነዚህ ድርጅቶች በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባ መሆናቸው ነው። ነገሩ እንዲሁ ከተተወ ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ የተማረው ልጅ ከአሁኑ የባሰ ይርቃል። እዚህ ላይ ማኅበሩና ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሚያዝያ ወር ተማሪ የሚቀበሉ ቢሮዎችን ዝርዝር ማውጣት፣ ማመልከቻው በውጤትና በጽሑፍ እንዲወዳደር ማድረግ፣ የተወሰነ ቦታ ለክልል ተማሪዎች መያዝ ይቻላል።

እስከዚያው ተማሪው በእጁ ያለው ጊዜ ሰኔ ነው። የትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ሠራተኞቹ እረፍት ከመውጣታቸው በፊት ነው። ማመልከቻው «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ከሚል ይልቅ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ምን እንዳነበበና ምን መሥራት እንደሚችል ቢናገር ይሻላል። አንድ የሰበር ውሳኔ ላይ የጻፈውን የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ቢያያይዝ ደግሞ ጠበቃው ሲቪውን ከማየቱ በፊት እሱን ያነባል።